በኮሌጅ ፉትቦል የኦፌንስ አሰልጣኝ ለመሆን የቱ ሥራ ከየቱ ይሻላል?

የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝነትን እንጀራዬ ብሎ የተነሳ ወጣት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያየው የዩኒቨርሲቲውን ስም ነው። አላባማ ከሆነ፣ ኦሃዮ ስቴት ከሆነ፣ ሌላውን መስማት አይፈልግም። ይገባኛል። ስታዲየሙ መቶ ሺህ ሰው ይይዛል፣ ልብሱ ላይ ያለውን አርማ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እኔ ግን የብዙ የኦፌንስ አሰልጣኞችን የሥራ ታሪክ ተከታትዬ የደረስኩበት ሌላ ነው። ከስሙ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ። እዚያ ሄደህ በገዛ እጅህ የምትሠራው ምንድን ነው? የምትሠራውስ ከማን ሥር ነው?

መሰላሉን ለማያውቀው ባጭሩ ላስቀምጠው። ኦፌንስ ኳሱን ይዞ የሚያጠቃው ክፍል ነው፣ ዲፌንስ ደግሞ የሚከላከለው። ኦፌንሱን ሜዳ ላይ የሚመራው፣ ኳሱንም የሚወረውረው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል። ከታች ጂኤ የሚባለው የማስተርስ ተማሪ የሆነ ረዳት አለ። ቀጥሎ አንድን የተጫዋቾች ክፍል፣ ለምሳሌ ውርወራውን የሚቀበሉትን ሪሲቨሮች ብቻ፣ የሚያሰለጥን አለ። ከሱ በላይ የማጥቃቱን ዕቅድ በሙሉ የሚይዘው ኮኦርዲኔተሩ ነው፣ ጫፍ ላይ ዋናው አሰልጣኝ። በየመሃሉ አናሊስት የሚባሉ ሰዎች አሉ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያው፦ ትልቅ ቦታ ጂኤ ወይስ ትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ጂኤ ማስተርሱን እየተማረ የሚሠራ ጀማሪ ነው። የትምህርቱ ወጪ ይሸፈንለታል። ለኪሱ የምትደርሰው ገንዘብ ግን ከቤት ኪራይ ብዙም አታልፍም። ሥራው ደግሞ እረፍት የለውም። የቅዳሜው ጨዋታ እንዳለቀ የሚቀጥለው ተጋጣሚ ቪዲዮ ተቆራርጦ መዘጋጀት አለበት፦ በሦስተኛው ዳውን (ዳውን ኳሱን አሥር ያርድ ለማራመድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች አንዱ ነው) ምን ያደርጋሉ፣ ጎላቸው አጠገብ ስትደርስ ማን ሮጦ ይገባብሃል፣ ማን ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ ካርድ መሳል ይመጣል። ተጋጣሚው ዲፌንስ የሚቆምበትን አቋም በየካርዱ ላይ በክብና በመስመር ትስላለህ። ልምምድ ላይ ተጠባባቂዎቹን ዙሪያህን ሰብስበህ ካርዱን ከፍ አድርገህ ታሳያቸዋለህ፣ አንተ እዚህ ቁም፣ አንተ በዚህ በኩል ግባ ትላቸዋለህ፣ እነሱም ዋናውን ኦፌንስ በዚያ አቋም ይገጥሙታል። አንድ መስመር አሳስተህ ከሳልክ ኳርተርባኩ ቅዳሜ የማይገጥመውን ነገር ሲለማመድ ይውላል። አድካሚ ነው፣ ግን ዲፌንስ ማንበብን እንደዚህ የሚያስተምር ሥራ የለም። አንድ ወቅት ሙሉ የሰውን ዲፌንስ የሳለ ልጅ በየትኛውም ሜዳ ላይ ማን ከየት እንደሚመጣ ያውቃል።

በትንሽ ኮሌጅ፣ ማለትም ከትልቁ ደረጃ በታች ባሉት በዲቪዚዮን 2፣ በዲቪዚዮን 3 ወይም የትንንሽ ኮሌጆች ማኅበር በሆነው በኤንኤአይኤ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ሠራተኛው ጥቂት ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን የራስህ ተጫዋቾች ይሰጡሃል። ሲሳሳቱ የምታርማቸው አንተ ነህ፣ ሲያድጉም የሚታየው ያንተ ሥራ ነው። በዚያ ላይ ዕቃ መሸከሙ፣ የጉዞ ዝግጅቱ፣ ከወላጅ ጋር ቁጭ ብሎ ልጁን ማሳመኑ ሁሉ ያንተ ነው። ዲቪዚዮን 3 ውስጥ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም፣ ስለዚህ ልጁን በገንዘብ አታመጣውም፤ ያለህ አንደበትህ ብቻ ነው። ይህን የለመደ አሰልጣኝ በኋላ ትልቅ ቦታ ሲገባ ምልመላ አያስፈራውም።

ሁለቱም መንገድ ጫፍ ያደርሳል። ሊንከን ራይሊ ቴክሳስ ቴክ በኳርተርባክነት ገብቶ ሜዳ ላይ ቦታ አላገኘም። ዋናው አሰልጣኝ ማይክ ሊች ተማሪ ረዳት አደረገው፣ ቀጥሎ ጂኤ፣ ቀጥሎ የሪሲቨሮች አሰልጣኝ። በ2009 መጨረሻ ሊች ሲባረር የዲፌንሱ ኃላፊ ረፊን ማክኒል ቡድኑን በጊዜያዊነት ያዘና አላሞ ቦውል በሚባለው የወቅት መጨረሻ ጨዋታ ኦፌንሱን ለራይሊ ሰጠው። ሚሺጋን ስቴትን 41 ለ 31 አሸነፉ። ማክኒል ኢስት ካሮላይና ሲቀጠር የ26 ዓመቱን ራይሊ ኮኦርዲኔተር አድርጎ ይዞት ሄደ። በ2017 ራይሊ በ33 ዓመቱ የኦክላሆማ ዋና አሰልጣኝ ሲሆን ማክኒልን ወደ ራሱ ቡድን አመጣው። ልብ በሉ፣ በሩን የከፈተለት ከጎኑ ይሠራ የነበረው የዲፌንስ ሰው ነው።

ኬለን ዲቦር በሌላው በኩል ነው የመጣው። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ሱ ፎልስ በሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 እስከ 2009 ዋና አሰልጣኝ ሆኖ 67 ጨዋታ አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ፣ ሦስት የኤንኤአይኤ ዋንጫም ወሰደ። ያን ሁሉ አድርጎ ስልኩን ማንም ትልቅ ቦታ አልደወለለትም። ሳውዘርን ኢሊኖይ፣ ኢስተርን ሚሺጋን፣ ፍሬስኖ ስቴት፣ ኢንዲያና እያለ ለዓመታት ኮኦርዲኔተር ሆኖ ሠራ። ከዚያ ነው የፍሬስኖ ስቴት፣ ቀጥሎ የዋሽንግተን ዋና አሰልጣኝ የሆነው። ጃንዋሪ 2024 ኒክ ሴባን ጡረታ ሲወጣ አላባማ የጠራው እሱን ነው።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ጂኤነቱ የተገኘው ኦፌንሱን ሌሎች ትምህርት ቤቶች ከሚፈልጉት ሰው ሥር ከሆነ ያዘው፣ ደሞዙን አትይ። ሊች ጋ ቴክሳስ ቴክ የነበሩትን እዩ፦ ራይሊ፣ ኳርተርባኩ የነበረው ክሊፍ ኪንግስበሪ፣ ዴና ሆልገርሰን፣ ሶኒ ዳይክስ። ሁሉም ዋና አሰልጣኝ ሆነዋል። ሊች ራሱ ኮሌጅ ተጫውቶ አያውቅም ነበር፣ የሕግ ዲግሪ ያለው ሰው ነበር፣ አዮዋ ዌስሊያን በምትባል ትንሽ ኮሌጅ ከሃል ሙሚ ጋር ነው ያን የኳስ ውርወራ ስልት የሠሩት። ጂኤነቱ ግን ትልቅ ስም ያለው ቦታ ሆኖ ኦፌንሱን ማንም የማይፈልገው ከሆነ፣ አንተም ከብዙ ቪዲዮ ቆራጮች አንዱ የምትሆን ከሆነ፣ ትንሹ ኮሌጅ ይሻልሃል። እዚያ ቢያንስ የራስህ ተጫዋቾች አሉህ።

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላደገ የሀበሻ ልጅ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። «ኳስ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» የሚባልበት ቤት ከሆነ ጂኤነት ከማስተርስ ዲግሪ ጋር ስለሚመጣ ለእናትና አባት ማስረዳት ይቀላል። ይህ ቀላል ምክንያት አይደለም፤ የቤተሰብ ድጋፍ የሌለው ሰው እነዚያን የድህነት ዓመታት አይችላቸውም። ገና ባችለርህን እየተማርክ ከሆነ ደግሞ ማስተርስ እስኪደርስ አትጠብቅ። የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ካለው ቢሮውን አንኳኳና የተማሪ ረዳት ሆኜ ልሥራ በል። ራይሊም እንዲሁ ነው የጀመረው።

ሦስተኛው መግቢያ ሃይስኩል ነው። ጋስ ማልዛን አርካንሳስ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ የሃይስኩል አሰልጣኝ ሆኖ ቆይቶ በ2006 ነው በቀጥታ የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ኮኦርዲኔተር የሆነው። በዚህ መንገድ የሚያልፈው ሰው ጥቂት ነው። ማስተማር የምትወድ ከሆነና ቤተሰብህን ከቦታ ቦታ ማንከራተት ካልፈለግህ ግን ጥሩ ኑሮ ነው።

የትኛውን የተጫዋች ክፍል ልያዝ?

ኳርተርባክ ማሰልጠን ከተሰጠህ ሌላውን አትመልከት። የማጥቃቱ ዕቅድ በሙሉ በኳርተርባኩ ጭንቅላት ውስጥ ማለፍ ስላለበት አሰልጣኙም ሳይወድ በግድ ኮኦርዲኔተር እየሆነ ይሄዳል። ችግሩ ቦታዋ አንዲት መሆኗ ነው፣ ብዙ ጊዜም ኮኦርዲኔተሩ ራሱ ይይዛታል።

ኳርተርባኩን ከፊት የሚጠብቁት ተጫዋቾች፣ የኦፌንሲቭ ላይን፣ አሰልጣኝ ሥራ አያጣም፤ ቴክኒኩን በደንብ የሚያስተምር ሰው ጥቂት ስለሆነ ይፈለጋል። ግን ብዙዎቹ እዚያው ይቀራሉ። ሪሲቨርና ታይት ኤንድ (የሚጠብቅም የሚቀበልም ተጫዋች) መሃል ላይ ናቸው።

ኳሱን ይዞ የሚሮጠው ረኒንግ ባክ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም እኛን ይመለከታል። ጥቁር አሰልጣኞች ለረጅም ጊዜ በብዛት የተመደቡት በዚህ ክፍል ነው። ጥሩ መልማይ ነህ ተብሎ ይቀጠራል፣ የሰው ቤት እየዞረ ልጅ ያመጣል፣ ኳርተርባኮቹ ክፍል ግን አይገባም። ኮኦርዲኔተር ሲፈለግ «ዕቅድ አውጥቶ አያውቅም» ይባላል። ይህ ፍትሕ አይደለም፣ መታገልም ያስፈልጋል። ግን ሥራው ሲመጣ እንዴት እንደምትይዘው ማወቅ ይጠቅማል። ረኒንግ ባክ ኳርተርባኩን ሊጥሉ የሚመጡትን መከላከል አለበት፣ ስለዚህ አሰልጣኙ የጥበቃውን ዕቅድ ጠንቅቆ ማወቅ ግድ ይለዋል። ያን የሦስተኛ ዳውን የጥበቃ ዕቅድ እኔ ላዘጋጅ ብለህ ከመቀጠርህ በፊት ጠይቅ። እሱ ነው ወደ ኳርተርባኮቹ ክፍል የሚያስገባህ። ቶኒ ኤሊየትን ተመልከት። ክሌምሰን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተምሮ፣ ሚሽሊን ኩባንያ ሠርቶ ነው ወደ አሰልጣኝነት የዞረው። በ2011 የክሌምሰን ረኒንግ ባኮች አሰልጣኝ ሆነ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ኮኦርዲኔተርነቱን ከሌላ ሰው ጋር ተጋርቶ ያዘ፣ በ2017 ለምርጥ ረዳት አሰልጣኝ የሚሰጠውን የብሮይልስ ሽልማት ወሰደ፣ በ2021 መጨረሻ ቨርጂኒያ ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረው።

አናሊስት ወይስ አነስ ያለ ቦታ የሜዳ አሰልጣኝ?

እስከ 2024 ድረስ መልሱ ቀላል ነበር። በትልቁ ደረጃ፣ ኤፍቢኤስ በሚባለው፣ ሜዳ ላይ ማሰልጠን የሚችሉት ዋናው አሰልጣኝ፣ 10 ረዳቶቹና ጂኤዎቹ ነበሩ። አናሊስቱ ቢሮ ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ያያል፣ ይጽፋል፣ ተጫዋች ማስተማር ግን አይፈቀድለትም። በ2024 የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ያን ሕግ ለወጠው። አሁን አናሊስቱም በልምምድም በጨዋታም ማስተማር ይችላል። ከግቢው ወጥተው ተጫዋች መመልመል የሚችሉት ግን አሁንም ዋናው አሰልጣኝና 10ሩ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄው ተቀይሯል። አንዱ አናሊስት ሜዳ ላይ የራሱ ተጫዋቾች ይኖሩታል፣ ሌላው ስሙ ያው ሆኖ ኮምፒውተር ላይ ይውላል። የትኛው እንደሆንክ አስቀድመህ እወቅ። ምልመላ ያልሞከረ ወጣት ከሆንክ እኔ አነስ ያለውን ቦታ እመርጥልሃለሁ። የሚቀጥለው ቀጣሪ «ማንን አመጣህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ ለመቀየር የሚመዘገቡበት ትራንስፈር ፖርታል ከመጣ ወዲህማ ባሰበት።

ቀድሞ ትልቅ ቦታ ኖሮት ለወደቀ ሰው ግን አናሊስትነት መድኃኒት ነው። ስቲቭ ሳርኪሲያንና ማይክ ሎክስሊ ሁለቱም በ2016 አላባማ አናሊስት ነበሩ። ሎክስሊ ኮኦርዲኔተር ሆኖ በ2018 ብሮይልስን ወስዶ ሜሪላንድ ሄደ። ሳርኪሲያን በ2020 ያንኑ ሽልማት ወስዶ ቴክሳስን ያዘ።

ኮኦርዲኔተር ተብለሃል፣ ፕሌዩን የሚጠራው ግን ማን ነው?

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። ብዙ ዋና አሰልጣኞች ከኦፌንስ የመጡ ስለሆኑ ፕሌይ መጥራቱን፣ ማለትም ቀጥሎ የሚደረገውን የማጥቃት ስልት መምረጡን፣ ለማንም አይለቁም። ኮኦርዲኔተር ብለው ይቀጥሩሃል፣ ሳምንቱን ሙሉ ዕቅዱን ታዘጋጃለህ፣ ቅዳሜ ግን ፕሌዮቹ የተጻፉበት ወረቀት እሱ እጅ ላይ ነው። በዚያ ላይ «የውርወራ ጨዋታ አስተባባሪ»፣ «የሩጫ ጨዋታ አስተባባሪ»፣ «ተባባሪ ኮኦርዲኔተር» የሚሉ ማዕረጎች በዝተዋል። ማዕረጉ ደሞዝ ለመጨመር ወይም ሰው እንዳይሄድ ለማድረግ የተሰጠ ሊሆን ይችላል።

ፕሌይ መጥራት ምን እንደሆነ ከቅርብ እንየው። በፕሌይና በፕሌይ መካከል 40 ሰከንድ አለ። ከ2024 ጀምሮ በኤፍቢኤስ አሰልጣኙ በሄልሜት ውስጥ ከአንድ ተጫዋች ጋር መነጋገር ይችላል፣ በኦፌንስ በኩል ብዙ ጊዜ ከኳርተርባኩ ጋር። ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ድምፁ ይቋረጣል። እንግዲህ ያለፈው ፕሌይ ስንት ያርድ እንዳስገኘ ማየት፣ ዲፌንሱ ማንን እንዳስገባ መለየት፣ በፕላስቲክ ከተሸፈነው ትልቅ ወረቀት ላይ አንዱን መምረጥ፣ መናገር፣ ልጁ መስማቱን ማረጋገጥ፣ ሁሉም በ25 ሰከንድ ውስጥ ነው፣ እሱም በአንድ ጨዋታ ውስጥ ደጋግሞ። ይህ ጎን ቆሞ በማየት አይለመድም። ያለህ አማራጭ ትልቅ ቦታ ያለ ወረቀት ወይም መካከለኛ ቦታ ወረቀቱን ይዞ ከሆነ፣ መካከለኛውን ያዝ። ራይሊ ኢስት ካሮላይና አምስት ወቅት ወረቀቱን ይዞ ስለነበር ነው ኦክላሆማ የፈለገው።

ከዚህ የሚወጣ ነገር አለ፣ ልደብቀው አልችልም። በ2019 ኤልኤስዩ 15 ለ 0 ሆኖ ሻምፒዮን ሲሆን ኮኦርዲኔተሩ ስቲቭ ኤንስሚንገር ነበር፣ ብሮይልስን የወሰደው ግን የውርወራው አስተባባሪ ጆ ብሬዲ ነው። ኤንኤፍኤል በሚባለው የፕሮፌሽናል ሊግ ውስጥ ካለው ከኒው ኦርሊንስ ሴንትስ ይዞት የመጣው ሐሳብ ኳርተርባኩ ጆ በሮው የሚመራውን ኦፌንስ እንደቀየረው ሁሉም አየ። ያንን ያገኘው ግን ዋናው አሰልጣኝም ኮኦርዲኔተሩም ሐሳቡን በግልጽ ስለተቀበሉት ነው። ያን የሚያደርግ አለቃ ብዙ አይገኝም።

ትልቅ ቦታ ኮኦርዲኔተር ወይስ ትንሽ ቦታ ዋና አሰልጣኝ?

በደሞዝ ከሆነ አንዳንዴ ኮኦርዲኔተሩ ይበልጣል። በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ያለ ጥሩ ኮኦርዲኔተር በዓመት ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል፣ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ያን አይከፍልም። ስለዚህ ወደ ታች መውረድ የገንዘብ መስዋዕትነት አለው።

ከርት ሲግኔቲ ከፍሎታል። አላባማ ከሴባን ጋር የሪሲቨሮች አሰልጣኝና የምልመላ ኃላፊ ነበር፣ በ2009 ዋንጫ በልተዋል። በ2011 ሁሉን ትቶ አባቱ ያሰለጥኑበት ወደነበረው፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ወዳለው የዲቪዚዮን 2 ዩኒቨርሲቲ አይዩፒ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሄደ። ዕድሜው 49 ነበር። ከዚያ ኢሎን፣ ከዚያ ጄምስ ማዲሰን። በ2024 ኢንዲያናን ተረክቦ በመጀመሪያው ዓመት 11 ጨዋታ አሸንፎ ፕሌይኦፍ አስገባው፣ ኢንዲያና ማለት በሽንፈት ብዛት የሚታወቅ ቡድን ነበር። ኮኦርዲኔተር ሆኖ ስሙ የገነነ ሰው አልነበረም። ቡድን መምራትን ቡድን በመምራት ነው የተማረው።

ቻድ ሞሪስ ደግሞ ከቴክሳስ ሃይስኩል ተነስቶ በክሌምሰን ኮኦርዲኔተርነት ትልቅ ስም አተረፈ። ኤስኤምዩ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፣ እዚያ ያሸነፈው ከተሸነፈው ያንሳል። ያም ሆኖ አርካንሳስ ወሰደው። 4 አሸንፎ 18 ተሸንፎ በሁለተኛው ዓመት ሳይጨርስ ተሰናበተ። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ትልቁ ሥራ ሲመጣ የያዝከውን ቡድን በእርግጥ አሻሽለህ ጨርሰሃል ወይ? ካልጨረስክ ቆይ። ሁለተኛ ዕድል የሚሰጥ የለም ብለህ አትፍራ። ፈጥኖ ሄዶ መውደቅ ነው በሩን የሚዘጋው።

ዋና አሰልጣኝነት የማይመቸው ሰውም አለ፣ እሱም ነውር የለውም። ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ከጋዜጠኛ ጋር መነጋገር፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ የተጫዋቾች ክፍያ ጉዳይ ተጨምሮ ቀኑን ይበላዋል። ቺፕ ኬሊ ፌብሩዋሪ 2024 ላይ የዩሲኤልኤ ዋና አሰልጣኝነቱን ትቶ ኦሃዮ ስቴት ኮኦርዲኔተር ሆነ። አለቃው ራያን ዴይ ድሮ ኒው ሃምፕሸር የኬሊ ኳርተርባክ ነበር። በዚያው ወቅት ሻምፒዮን ሆኑ። ማልዛንም በዚያው ዓመት መጨረሻ የዩሲኤፍ ዋና አሰልጣኝነቱን ለቆ የፍሎሪዳ ስቴት ኮኦርዲኔተር ሆነ። የምትወደው ሥራ የኳርተርባኮቹ ክፍል ከሆነ እዚያው መቅረትን ከወዲሁ እንደ አማራጭ ያዘው።

ኤንኤፍኤልስ?

ምልመላ ለሰለቸው ሰው ያጓጓል፣ እዚያ የ17 ዓመት ልጅ ስልክ መጠበቅ የለም። ለወጣት አሰልጣኝ ሁለት ዓመት ገብቶ ሐሳብ ይዞ መመለስ እንደ ብሬዲ ይጠቅማል። ቶሎ ትልቅ ኃላፊነት ይዞ መግባት ግን አደጋ አለው፤ ብሬዲ ራሱ ካሮላይና ፓንተርስ ኮኦርዲኔተር ሆኖ ሁለተኛው ወቅት ሳያልቅ ተባርሯል፣ ቡፋሎ ላይ የኳርተርባኮች አሰልጣኝ ሆኖ እንደገና መጀመር ነበረበት።

ከመፈረምህ በፊት

ግንዱ ሲወድቅ ቅርንጫፉም አብሮ ነው። ዋናው አሰልጣኝ ከተባረረ ረዳቶቹ አብረው ይሄዳሉ፣ አዲሱ ሰው የራሱን ሰዎች ያመጣል። ስለዚህ የራስህን ውል ከማንበብህ በፊት የሱን ሁኔታ አጣራ። ውሉ ስንት ዓመት ቀረው? አምና ስንት አሸነፈ? የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ እሱን የቀጠረው ሰው ነው ወይስ አዲስ የመጣ? ማልዛን በ2020 ከኦበርን ሲሰናበት ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የተከፈለው፤ ረዳቶቹ ጋ እንዲህ ያለ ገንዘብ አይደርስም።

በራስህ ውል ላይ ሦስት ነገር ፈልግ። ብትባረር ቀሪው ደሞዝ ይከፈልሃል ወይ? ሌላ ሥራ ስታገኝ ከዚያ ላይ ይቀነሳል ወይ? ብዙ ጊዜ ይቀነሳል። አንተ ቀድመህ ብትለቅስ ስንት ትከፍላለህ፣ ኮኦርዲኔተር ወይም ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ብትሄድ ይቀርልሃል ወይ? ይህችን የመጨረሻዋን ወጣቶች ይረሷታል፣ ጠይቀህ ብታስጨምራት ግን ብዙ ቦታ እምቢ አይሉህም፣ የረዳታቸው ዕድገት ለነሱም ስም ነው።

ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። መባረሩም መቀጠሩም የሚበዛው ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ ነው፣ ጃንዋሪ ላይ በሚደረገው የአሰልጣኞች ማኅበር ጉባኤ ላይ ደግሞ ሥራ ፈላጊው የሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሚያውቀውን ሰው ይጠብቃል። ሥራው ሲቀርብልህ መልስ የሚፈልጉት በማግስቱ ሊሆን ይችላል። ጥያቄዎችህን ከኖቬምበር በፊት ጽፈህ አስቀምጥ፤ ባለትዳር ከሆንክ ደግሞ የት ከተማ መኖር እንደምትችሉና የት እንደማትችሉ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።